350 ሞተር በከፍታ ቦታ፦ 750 ካርቡራተሩን ላስተካክለው ወይስ በ600 ልተካው?

ኖቫ72 (ኦሮራ፣ ኮሎራዶ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጥያቄዬ ረዘም ይላል። ዝርዝሩን ካልጻፍኩ «ካምሻፍቱ ምን ዓይነት ነው? ዲፈረንሻሉስ ስንት ነው?» እያላችሁ ሦስት ቀን ስለምታመላልሱኝ ሁሉንም አንዴ ልዘርግፈው።

መኪናዋ የ1972 ሸቭሮሌ ኖቫ ናት። ሁለት በር አላት፤ አካሏ አረንጓዴ፣ የሾፌሩ በር ደግሞ ሰማያዊ። በሩ ከሌላ መኪና የመጣ ነው። ሞተሩ ሳይስተካከል ቀለም አልቀባም ብዬ ምያለሁ፤ ስለዚህ እባካችሁ ፍጠኑልኝ። ሞተሩ ባለ ስምንት ሲሊንደሩ 350 ኪዩቢክ ኢንች ነው፤ በሊትር 5.7 መሆኑ ነው። በብርዱ ወራት አውርጄው የፒስተን ፋሻዎቹን ቀየርኩ፤ ቴስታታዎቹን ለባለሙያ ሰጥቼ አሠራሁ፤ ካምሻፍቱንም፣ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ፣ ከፋብሪካው ከፍ ባለ ተካሁት (በ0.050 ኢንች ላይ 224 ዲግሪ)። ማኒፎልዱ ኤደልብሮክ ፐርፎርመር ነው። ካምቢዮው ከፋብሪካ የወጣው ባለ ሦስት ማርሽ አውቶማቲክ፣ ዲፈረንሻሉ 3.08።

የተሳሳትኩት ካርቡራተሩ ላይ ይመስለኛል። ያገለገሉ ዕቃዎች ከሚሸጡበት የእሑድ ገበያ ከአንድ ሰውዬ 750 ሲኤፍኤም (በደቂቃ የሚያሳልፈው አየር በኪዩቢክ ጫማ) በ180 ዶላር ገዛሁ። አራት ጉሮሮ ያለው ነው፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ከፔዳሉ ጋር በዘንግ ተያይዘው የሚከፈቱ፣ ከፊትም ከኋላም ፓምፕ ያለው። ሰውዬው ክዳኑን ገልጦ አራቱን ጉሮሮ በአንድ ጊዜ ከፍቶ ሲያሳየኝ ልቤ ቀለጠ፤ ስለ ሌላው ነገር መጠየቅም ረሳሁ።

አሁን ጣጣውን ልንገራችሁ። ሃቫና መንገድ ላይ መብራት ይዞኝ ቆሜ አረንጓዴው ሲበራ ፔዳሉን በልኩ ከረገጥኩት ያለ ችግር ትሄዳለች። እስከ ወለሉ ከረገጥኩት ግን ሞተሩ «ህእ» ይልና ትንፋሹ ይቋረጣል። አንድ፣ ሁለት ብዬ እስክቆጥር ድረስ ሶፋ ላይ የተቀመጥኩ ይመስለኛል። ከዚያ ጥቁር ጭስ ትለቅና ትወነጨፋለች። ባለፈው ሳምንት አጠገቤ የቆመ የፖስታ መኪና ጥሎኝ ሄደ። የፖስታ መኪና! ሚኒሞ ላይ ስትቆም ጭሷ ዓይን ያቃጥላል፤ ካንዴላዎቹን ሳወጣቸው ጥቀርሻ ለብሰዋል፤ ባለቤቴም ጃኬቴን ጋራዥ ውስጥ ሰቅዬ እንድገባ አዝዛለች።

የምፈልገው የውድድር መኪና አይደለም። በሳምንት አምስት ቀን አውቶቡስ እነዳለሁ፤ የፍጥነት ጥማት ያን ያህል የለብኝም። ቅዳሜ ልጆቹን ይዤ ወደ ተራራው ስወጣ ግን መኪናዋ እንድትስቅ እፈልጋለሁ። ያለሁበት ከተማ ከፍታው 1,650 ሜትር ገደማ ነው። አይዳሆ ስፕሪንግስ ስንደርስ 2,300 ይጠጋል፤ እሱን አልፈን ወደ አይዘንሃወር ዋሻ ከወጣን 3,400 አካባቢ ነው።

ያወጣሁት ምርጫ ይኸው፦ ሆሊ 600 በቫኩም የሚከፈተው፣ ኤደልብሮክ 1406 (እሱም 600 ነው)፣ ሆሊ 650 ባለ ሁለት ፓምፑ፣ ወይም ያለኝን 750 ታግሎ ማስተካከል። ምን ትላላችሁ?

የዳላሱ 454

ባለህ እርጋ። የእኔ 850 ነው፤ እንደ ጥይት ነው የምትሄደው። ፓምፖቹን ከፍ አድርግ፣ ዲፈረንሻሉን ወደ 3.73 ቀይር። ትንሽ ካርቡራተር ለትልቅ ሞተር ማሠር ሯጭን አፍንጫውን ይዞ እንደ ማስሮጥ ነው።

አሮጌ ካንዴላ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ወንድሜ ኖቫ፣ በመጀመሪያ በሩን ቀባው። ካርቡራተር ተስተካክሎ አያልቅም፤ በመሐላህ ከጸናህ በሩ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል።

ሶማሌ ተራ አጠገብ ጋራዥ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ እዚህ አገር ደግሞ አሥራ አራት። ላዳ ታክሲ፣ ፊያት 124፣ ቮልስ ብዙ አልፎብኛል። «ካርቡራተሩ ተበላሽቷል» ተብለው ከመጡልኝ አሥር መኪናዎች የስድስት ሰባቱ ጥፋት ሌላ ቦታ ነበር። ስለዚህ ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ሦስት ነገር ለክተህ ጻፍልኝ። አንደኛ፣ ሞተሩ ሞቆ፣ ማርሽ ገብቶ፣ ፍሬን ተይዞ ሚኒሞ ላይ ቫኩሙ፣ ማለትም ሞተሩ ማኒፎልዱ ውስጥ የሚፈጥረው ስበት፣ ስንት ኢንች ነው? ሁለተኛ፣ የቫኩሙ ቱቦ ከዲስትሪቢዩተሩ ተነቅሎና ተደፍኖ ታይሚንጉ፣ ማለትም ካንዴላው ብልጭ የሚልበት ጊዜ፣ በሚኒሞ ስንት ዲግሪ ነው፣ በ3,000 ዙርስ ስንት ይደርሳል? ሦስተኛ፣ የቤንዚኑ ግፊት ስንት ነው? ቁጥሩን እስክታመጣ ድረስ ስለ መጠን እናውራ።

የዳላሱ ወንድማችን ያለው ለእሱ መኪና እውነት ነው። የእሱ ባለ 454 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ሌላ እንስሳ ነው፤ ዳላስም ሜዳ ነው። ያንተን ግን እናስላ። 350ን በምትደርስበት ከፍተኛ ዙር አባዛው። ያ ካምሻፍትና ያ ማኒፎልድ ከ5,500 በላይ የሚሰጡህ ነገር ስለሌለ 5,500 በለው። ውጤቱን ለ3,456 አካፍል። (3,456 ከሰማይ አልወረደም። አንድ ኪዩቢክ ጫማ 1,728 ኪዩቢክ ኢንች ነው፤ ሞተሩ ሙሉ ትንፋሹን የሚስበው በሁለት ዙር አንዴ ስለሆነ በሁለት ተባዝቶ ነው።) 557 ይመጣል። ይህ ሲሊንደሮቹ ጢም ብለው ቢሞሉ ነው፤ እንዳንተ ያለ የመንገድ ሞተር 85 በመቶ ከሞላ ጎበዝ ነው። እንግዲህ 473። ሞተርህ እየጮኸ፣ አንተም እየጮህክ፣ ፔዳሉ ወለል ነክቶ የሚጠጣው አየር 473 ሲኤፍኤም ነው። ከላዩ የተጫነው 750 ነው።

«ቢተርፍ ምን አለበት?» ትለኝ ይሆናል። ካርቡራተር ቤንዚን አይረጭም፤ አየሩ ነው የሚመጠው። ወንዝ ሜዳ ላይ ተንጣሎ ሲሄድ ዝግ ይላል፤ ገደል መሐል ሲገባ ይጣደፋል። ጉሮሮው ሲጠብ አየሩ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ግፊቱ ይወርድና ቤንዚኑን ከቋቱ ይስበዋል። አንተ መብራት ላይ በ700 ዙር ቆመህ አራቱን ጉሮሮ በአንድ ርግጫ ስትከፍታቸው አየሩ ይተኛል። ቤንዚኑን የሚጎትተው የለም፤ ፓምፖቹ የተፉት ጠብታ ካለቀ በኋላ ሞተሩ አየር ብቻ ይውጣል። ያ ነው «ህእ» ያልከው። ዙሩ ቀስ ብሎ ሲነሣ ቤንዚኑ ደግሞ ጎርፍ ሆኖ ይመጣል፤ ጥቁር ጭሱ እሱ ነው። ቀላል መኪና፣ ባለ ፍሪሲዮን፣ 4.11 ዲፈረንሻል ቢሆን ሞተሩ ቶሎ ዙር ይዞ ያመልጥ ነበር። የአንተዋ አውቶማቲክ ናት፣ 3.08 ናት፤ ዙር የምትይዘው ተለምና ነው።

ከፍታው ደግሞ ሌላ ዕዳ ነው። በ1,650 ሜትር የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል በ18 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ አዲስ አበባ ላይ ወደ 25 በመቶ ይደርሳል። ሞተሩ የሚውጠው የአየር ይዘት ያው ነው፤ ክብደቱ ግን ይቀላል። ካርቡራተሩ ቤንዚኑን የሚቀንሰው ክብደቱ በቀነሰበት ልክ አይደለም፤ ስለዚህ ከፍ ባልክ ቁጥር ቤንዚኑ ይበዛበታል። የዓይን ማቃጠሉና የጥቀርሻው ግማሽ ምክንያት ይህ ነው። ሌላውን ግማሽ ታይሚንጉ ላይ እጠረጥራለሁ።

አዲስ አበባና ድሬዳዋ የሚመላለስ ፊያት 124 ያለው ደንበኛ ነበረኝ። ዋና ዋናዎቹን ጄቶች፣ ማለትም ቤንዚኑ የሚያልፍባቸውን ባለ ቀዳዳ ብሎኖች፣ ሁለት ጥንድ አድርጎ በክብሪት ቀፎ ይይዝ ነበር፤ አንዱ ለደጋ፣ አንዱ ለቆላ። አዋሽ ሲደርስ ሻይ አዝዞ፣ ሻዩ እስኪበርድ ካቻቢቴውን አውጥቶ ይቀይራቸዋል። አንድ ቀን ሰነፈና በደጋው ጄት ወረደ። ሞተሩ እየነደደ፣ እያንኳኳ ድሬዳዋ ገባ፤ ካንዴላዎቹን ሲያወጣቸው እንደ ኖራ ነጥተው ነበር። ያኔ ቤንዚኑ እርሳስ ስለነበረበት ካንዴላ ፊት ለፊት ይናገር ነበር፤ የዛሬው ቤንዚን ያን ያህል አያናግረውም፤ ስለዚህ በቀለሙ ብቻ አትፍረድ።

ምርጫዬ ሆሊ 600 በቫኩም የሚከፈተው ነው፤ 1850 የሚባለው። የኋለኞቹ ሁለት ጉሮሮዎች አንተ ስለረገጥክ አይከፈቱም፤ ሞተሩ አየር ሲጠይቅ ይከፈታሉ። እግርህ ቢቸኩልም ካርቡራተሩ አይቸኩልም። ከፋብሪካ የሚወጣው ከፊት 66 ቁጥር ጄት ይዞ ነው። በየ2,000 ጫማው፣ ማለትም በየ600 ሜትሩ አንድ ቁጥር መቀነስ የቆየ ደንብ ነው፤ አንተ ጋ 64 አድርገህ ጀምር፣ ካልበቃው 63። ከኋላ ያለው ጄት ሳይሆን ባለ ቀዳዳ ሳህን ነው፤ ለጊዜው አትንካው።

650 ባለ ሁለት ፓምፑን እርሳው። 750ውንም ሽጠው፤ ለዳላሱ ወንድማችን ትርፍ ይሆነዋል።

ቅዳሜ ብቻ

ኤሌክትሮኒክ የነዳጅ መርጫ ግዛና ተገላገል። ከፍታውን ራሱ ያሰላልሃል።

ኖቫ72

ለቅዳሜ ብቻ፦ እውነትህን ነው፤ ግን የዚያን ዋጋ ለባለቤቴ የምነግራት አንተ ከሆንክ ብቻ ነው።

ጋሼ ካንዴላ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለክቻለሁ፤ አይሣቁብኝ። ቫኩሙ ማርሽ ሳይገባ 11 ኢንች፣ ማርሽ ሲገባ 9 ነው። 11 ሳይ ሞተሩን ገደልኩት ብዬ ደነገጥኩ። የቤንዚኑ ግፊት 6 ፒኤስአይ። ታይሚንጉ ደግሞ በሚኒሞ 4 ዲግሪ፣ በ3,000 ዙር 26 ብቻ። ሞተሩን ስገጥም ዲስትሪቢዩተሩን «ለጊዜው» ብዬ ያሠርኩት ትዝ ይለኛል። ከዚያ በኋላ ተመልሼ አላየሁትም።

አሮጌ ካንዴላ

አልሣቅሁም። ትንሽ ሣቅሁ።

ቫኩሙ ደህና ነው። በየ1,000 ጫማው አንድ ኢንች ገደማ ይወርዳል፤ ያንተ 11 ባሕር ዳርቻ ላይ ቢሆን 16 ይሆን ነበር። ለዚያ ካምሻፍት ጤነኛ ነው። ግን አስተውል፦ ሆሊው የሚመጣው 6.5 የሚል ቁጥር ካለው ፓወር ቫልቭ ጋር ነው፤ ቫኩሙ ከዚያ ሲወርድ ተጨማሪ ቤንዚን የሚለቅ በር ነው። ማርሽ ገብቶ 9 ከሆነ የ9 ግማሽ 4.5 ነው፤ 4.5 አስገባበት። አለበለዚያ ትንሽ ዳገት ባየህ ቁጥር በሩ ይከፈትና ተራራውን በቤንዚን እያጠብክ ትወጣለህ።

ታይሚንጉን ዛሬውኑ አስተካክል። በሚኒሞ 12 አድርግ፤ ላይኛው 34 ይሆናል። ይህን ሳታደርግ አዲስ ካርቡራተር ብትገዛ አዲስ ካርቡራተር ያለው ሰነፍ መኪና ይኖርሃል።

የሲያትሏ (ሲያትል)

ጋሼ ካንዴላ ያሉትን አልቃወምም፤ እርስዎ ያስተማሩኝ ብዙ ነገር አለ። ግን ኤደልብሮክ 1406 ዝም ተብሎ መታለፍ የለበትም። እኔ የ1979 ሸቭሮሌ ፒክአፕ ላይ፣ ያው 350 ላይ አሥሬ ስድስት ዓመት ነዳሁት።

ወንድሜ ኖቫ፣ ላንተ የሚጠቅምህ አንድ ነገር አለው። ዋናው ጄት ውስጥ ወርደው ቀዳዳውን የሚያጠብቡ ሁለት ቀጫጭን መርፌዎች አሉ፤ ከሥራቸው ሞላ ያለባቸው። ቤንዚን መቀነስ ስትፈልግ ቋቱን አታፈስም፣ ክዳኑን አትከፍትም፤ ከላይ አንዳንድ ብሎን ያላቸውን ሁለት ትናንሽ ሽፋኖች ፈትተህ መርፌውን በወፈረ ትቀይራለህ። እጅህን ሳይሸት አምስት ደቂቃ። የሆሊን ጄት ለመቀየር ግን የቤንዚኑን ቋት ማውረድ ግድ ነው፤ ጨርቅ ይዘህ ብትጠብቀውም ማኒፎልዱ ላይ የሚፈስ አይጠፋም። ሞተሩ ሳይበርድ እንዳትሞክረው። እኔ አንድ ጊዜ ቸኩዬ ሞክሬው ጢሱን ሳይ የሮጥኩት ሩጫ ለኦሊምፒክ ያበቃኝ ነበር።

ጉድለቱን ልንገርህ። ግፊት አይወድም፤ 6.5 ፒኤስአይ ጣሪያው ነው፣ 5.5 ቢሆን ይመርጣል። ከዚያ ካለፈ ተንሳፋፊው ቤንዚኑን መግታት ያቅተዋልና ይሞላል። ደግሞ በበጋ ሙቀት አቁመኸው ሃያ ደቂቃ ቆይተህ ስትመለስ ቤንዚኑ በውስጡ ሊፈላ ይችላል። ይህ የየትኛውም ካርቡራተር ችግር ነው፤ የዛሬው ቤንዚን ኤታኖል ስላለበት ቶሎ ይተናል፤ አንተ ጋ ደግሞ ከፍታው ያብስበታል። ከካርቡራተሩና ከማኒፎልዱ መሐል ግማሽ ኢንች የሆነ ሙቀት የማያስተላልፍ ማቀፊያ አስገባበት። የትኛውንም ብትገዛ ይህን አትርሳ፤ ቦኔቱ ይዘጋልህ እንደሆነ ግን አስቀድመህ ለካ።

ኖቫ72

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ።

ታይሚንጉን በዚያው ማታ 12 አደረግሁት። እውነቱን ልናገር፤ 750ው እንዳለ ሆኖ «ህእ» የሚለው ግማሽ ያህል ቀነሰ፤ ሚኒሞውም ረጋ። ለአንድ ሳምንት ያህል «ልተወው ይሆን?» እያልኩ አመነታሁ። ከዚያ የሲያትሏን ምክር አንብቤ ወደ 1406 አዘነበልኩ፤ ከዚያ የፖስታው መኪና ትዝ አለኝና ሆሊ 600ውን አዘዝኩ። ይቅርታ እኅቴ፤ ማቀፊያውን ግን አስገብቻለሁ፤ ቦኔቱም በጣት ልዩነት ተዘጋ።

64 ጄትና 4.5 ፓወር ቫልቩን ሳላሥረው በፊት ጠረጴዛ ላይ ቀየርኩ፤ ስለዚህ ቤንዚን አልፈሰሰም። የወጣውን 66 በክብሪት ቀፎ አስቀምጬዋለሁ፤ ወደ ቴክሳስ ከወረድኩ ያስፈልገኛል። አሁን ቀይ መብራት ላይ ቆማ አይሸትም። እስከ ወለል ስረግጣት ትሄዳለች፤ ዝም ብላ ትሄዳለች።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የኋለኞቹ ጉሮሮዎች በእርግጥ መከፈታቸውን የማውቀው እንዴት ነው? የወረቀት ክሊፕ የሚባል ዘዴ እንዳለ ሰምቼ በቫኩሙ ዘንግ ላይ ከቤቱ ሥር ክሊፕ ሰካሁበት። ወደ 225 አውራ ጎዳና መግቢያው ላይ እስከ ወለል ረግጬ ቆሜ ሳየው ክሊፑ ወደ ታች የተገፋው ሲሶ ያህል ብቻ ነው። የኋለኞቹን ጉሮሮዎች ዘግቶ የሚይዘውን፣ ያለ ቀለም የመጣውን ሞላ አውጥቼ ከሞላዎቹ ጥቅል ውስጥ ወይን ጠጁን፣ ላላ ያለውን፣ አስገባሁና ደገምኩ፤ ሁለት ሦስተኛ ደረሰ። «ህእ» የለም። ነጩን፣ ከሁሉ የላላውን፣ ልሞክር?

አሮጌ ካንዴላ

አትሞክር። ነጩ ቶሎ ከፍቶ የሸሸኸውን 750 መልሶ ያመጣብሃል። 473 የሚጠጣ ሞተር 600ውን እስከ ጫፍ የሚከፍትበት ምክንያት የለውም፤ ሁለት ሦስተኛ ልኩ ነው። ወይን ጠጁን እዚያው ተወውና ክሊፑን አውጣው፤ ዘንጉ ላይ ረስተኸው ልጆቹን ይዘህ ተራራ እንዳትወጣ።